ከአፍዴራ የላክኸው ሁለተኛው ጨው

ይህን ብዕር የያዘችው ሚስትህ ሰርካለም ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የወልደ ጻድቅ ነው። ፊደል ባልቆጥርም አፌ አልተዘጋም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከአፌ የወጣውን ሳታሳምር፣ ሳታስቀር እንድትጽፍ በኪዳነ ምሕረት አስምያታለሁ። ስለዚህ በመካከል ሻካራ ቃል ብታገኝ የኔ ነው፤ የጽሕፈቱ ማማር የእሷ ነው።

ልጄ ቴዎፍሎስ፣ እንደምን አለህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? የቆላው ሐሩር እንዴት ይዞሃል? ያ የጨው ሜዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዓይንህስ ደኅና ነው? የጨው ውኃ የበላው የእግርህ ቁስል ደረቀልህ ወይስ ዛሬም ያመረቅዛል? ስንቅህ፣ መኝታህ፣ አብረውህ የሚውሉት ሰዎች ጠባይ እንዴት ነው? እኛ የድንግል ልጅ ይመስገን ደኅና ነን፤ ያንተ ድምፅ ከመጥፋቱ በቀር የጎደለብን የለም። የበልጉን ገብስ ዘንድሮ ውርጭ ስቶታል። በጎቹ ወልደዋል። እናትህ አማከለች ወገቤን ወገቤን ከማለቷ በቀር እጇም አፏም እንደ ድሮው ነው፤ ይልቅ አፏ ብሷል።

በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ትል ይሆናል። ስልኩንማ አታነሣም። ብታነሣም ከተረተሩ ላይ ወጥቼ አየር ስፈልግ የጓሳ ተራራ ነፋስ የቃሌን ግማሽ ይወስደዋል። ደግሞም ልነግርህ የፈለግሁት ምስጋና ነው፤ ምስጋና ቁጭ ተብሎ የሚነገር፣ ተቀባዩም ደጋግሞ የሚያየው ነገር ነው እንጂ እየጮኹ የሚወረውሩት አይደለም። ወረቀቱን ለሾፌሩ ለይሥሐቅ እሰጠዋለሁ፤ ጨው ሊጭን ወደ እናንተ ሲወርድ በእጅህ ያስረክብሃል። አላነብም ካልክ ራሱ ጮክ ብሎ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዲያነብልህ አዝዤዋለሁ። ምርጫው ያንተ ነው።

የዚህን ቤት ነገር በስልክ የሰማኸው ቁርጥራጩን ነው፤ አሁን ሙሉውን ስማ። አፍዴራ በወረድክ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከኩሬው ዳር በእጅህ የመረጥከውን ጨው በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተህ ስትልክልን፣ መንደሩ ሁሉ እያየ እንደ ሙሽራ አቅፌ ነው ያወረድኩት። እንደ ብርጭቆ የጠራ ጨው ነበር። ያን ዕለት በቤቴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ጨው ልግዛ ብሎ ወደ ሱቅ የሚሄድ የለም። የጨው ሠራተኛ አባት ጨው ሲገዛ ታየ ከምባል ዕድሜዬን ሙሉ አልጫ ብበላ ይሻለኛል አልኩ። እናትህም ጨውህን እንደ ወጋችን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ከምድጃው በላይ በምትንጠለጠለው ቅል ውስጥ ታኖረው ጀመር። ያንን በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ የሚሸጠውን «የከተማ ዱቄት» እለው ነበር።

ልጅህ ምንተስኖት በዚያ ጨው ተረገዘ፣ በዚያ ጨው ተወለደ። ሲወለድ ለቅሶው እንኳ ደከም ያለ ነበር። እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። የጎረቤታችን የጠጄ ልጅ ገና በሁለት ዓመቱ አላፊ አግዳሚውን ሲሳደብ፣ የኛው «እማ» ማለት አልሆነለትም። ሰው ሲጠይቀኝ «ወንድ ልጅ ዝም ሲል ያምርበታል» እያልኩ አሳልፈው ነበር። በልቤ ግን የማውቀውን አውቅ ነበር።

አምና በሚያዝያ፣ ሰርካለም ሴት ልጅህን ፀጋን አርግዛ ሳለች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ትሕትና መጣች። የራቤሉ የመሪጌታ አትናቴዎስ ልጅ ናት፤ ቃል እንደ አባቷ አይቸግራትም። በየሰዉ ጨው ላይ ከትንሽ ብልቃጥ ጠብታ እየጣለች ቤት ለቤት ትዞራለች። አዮዲን የሚሉት ነገር ያለበት ጨው ጠብታዋ ሲያርፍበት ሰማያዊ ይሆናል፤ የሌለበት እንደነጣ ይቀራል። ጠጄ ቤት ገብታ ብትጥልበት የጠጄ ጨው ሰማያዊ ሆነ። ጠጄም የኛን ለማየት ተከትላት መጣች። እኔ ደግሞ ቅሉን ራሴ አወረድኩና «ልጄ፣ ይህ ከምንጩ የመጣ፣ ልጄ በእጁ የለቀመው ጨው ነው፤ ጠብታሽን በከንቱ አታባክኚ» አልኳት።

ጣለችበት፤ ጠበቅን፤ ነጭ ነው። ደገመችው፤ አሁንም ነጭ ነው። «መድኃኒትሽ ተበላሽቷል» አልኳት። «አባባ፣ አሁን ጠጄ ቤት ደኅና ነበር እኮ» አለችኝ። ይህን ጊዜ ጠጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ ጉድ! የጨው አባት ቤት አልጫ ሆነ!» አለች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሰርካለም ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ክዳን ያላት ትንሽ ጣሳ ይዛለች። ትሕትና አንዲት ጠብታ ጣለችባት። ልጄ፣ የተልባ ማሳ ሲያብብ ታውቃለህ፤ እንደዚያ ሰማያዊ ሆነ። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» አልኩ። ሰርካለም መሬት መሬቱን እያየች «እኔ ነኝ አባባ። እንቁላል ሸጬ ነው የገዛሁት። ጤና ጣቢያ ለምርመራ የሄድኩ ጊዜ ለሆዴ ልጅ ያስፈልገዋል ቢሉኝ፣ ትእዛዝዎን በአደባባይ ከምጥስ ብዬ ለራሴ ሳህን ብቻ እየነሰነስኩ ነበር» አለች። በሌላው ነገር ሁሉ ቃሌን የምታከብር ልጅ፣ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ከኋላዬ ዞራ የልጅ ልጄን ጠበቀችልኝ።

ሰርኬ፣ እጅሽ ቆመ። ጻፊ እንጂ። «አባባ፣ ስለ እኔ ይህን ያህል አይጻፍ» ትላለች። ይጻፋል። ባልሽ ካልሰማው ማን ሊሰማው ነው?

በዚያች ሰዓት ግን ያመሰገንኳት እንዳይመስልህ። ጠጄ ፊት ለፊቴ ቆማ እየሳቀች ምን ምስጋና ይወጣኛል? ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ በጎቹን ነድቼ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ያቺ ትሕትና ግን የምትለቅ ሰው አይደለችም፤ ዳገቱን እያለከለከች ተከተለችኝ። «መቆጣቱን ይቆጡ፤ ግን እየሰሙኝ ይቆጡ» አለችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

የነገረችኝ ይህን ነው። አዮዲን ከአፈር የሚገኝ ነገር ነው። የኛን ተራራ ግን ዝናብ ከጥንት ጀምሮ ሲያጥበው ኖሮ አፈሩን ባዶ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከገብሱም ከሣሩም በቂ አይገኝም። እናት ይህ ሲያንሳት አንገቷ ላይ እንቅርት ይወጣል። በማሕፀኗ ያለው ልጅ ደግሞ አንጎሉ የሚታነጸው በዚሁ ነው፤ ያውም ገና ሆዷ ገፍቶ ሳይታይ ጀምሮ። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢሰጡት የጎደለውን ሁሉ አይመልስም። «የልጄ ጨውስ?» አልኳት። «የልጅዎ ጨው ንጹሕ ጨው ነው፤ ግን አዮዲኑ የሚረጭበት ከኩሬው ከወጣ በኋላ ነው። እሱ የላከላችሁ ሳይረጭበት ነው። ቢረጭበትም እናንተ አጥባችሁ፣ ጭስ ላይ ሰቅላችሁ ታጠፉት ነበር» አለችኝ።

ይህን ስትል ገባኝ። ጭቃ ስናቦካ ጭዱን የምንጨምረው እርጥብ ሳለ ነው፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ጭድ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ምን ይረባል? ደግሞ በግ አርቢ ነኝ። እናቲቱ በተጎዳችበት ዓመት ግልገሉ ቆሞ ጡት መፈለግ እንደሚያቅተው አሳምሬ አውቃለሁ። ለበግ የማውቀውን ለሰው የነገረኝ ስለሌለ ነው እንጂ ሞኝ ሆኜ አይደለም። «ታዲያ ምንተስኖት የዘገየው በዚህ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ማንም አይቶ ሊምልልዎ አይችልም» አለችኝ። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት። «አሁን የሚቻለው ጨዉን ማስተካከልና ልጁን ማነጋገር ነው። ባይመልስልዎም ያነጋግሩት፣ ያጫውቱት፣ የሁሉን ስም ይንገሩት» አለችኝ።

ወደ ቤት ገብቼ ለእናትህ ስነግራት እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። «እናቴ እንቅርቱ ይጠፋልሻል ብላ አንገቴን ያስነቀሰችኝ ቀን፣ በመርፌው ስወጋ መንደር ሙሉ እስኪሰማኝ አልቅሻለሁ። መድኃኒቱ ጨው ኖሯል?» አለች። ሳቀች። ቀጥላ ካንተ በፊት የተወለዱትንና ያልቆዩልንን ሁለቱን ልጆች አስባ ነው መሰለኝ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። እኔም አልጠየቅኳትም።

ያን ዕለት ሕጌን ሻርኩ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሻርኩትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልሻረውም። አሁን ጨዉ አይታጠብም፤ ክዳን ባለው ጣሳ ከእሳት ርቆ ይቀመጣል፤ ወጥ ውስጥ የሚገባውም ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። ድስቱ ሲወርድ «ጨው!» ብዬ የምጮኸው እኔ ነኝ። እናትህ «ዲያቆን ሆንክብን እኮ» ትለኛለች። የድሮውን ጨውህንም አልጣልኩትም፤ በጎቹ ይልሱታል፤ ከአፍዴራ ድረስ የመጣላቸው መሆኑን ያወቁ ይመስል ይጋፉበታል።

ወዳንተ ልመለስ። ሰርካለም ያን ሳምንት ደውላ ስትነግርህ «እንግዲያው ልጄን የጎዳሁት በገዛ እጄ ነው» ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ደኅና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልሰጠኸንም። ለፀጋ ክርስትናም አልመጣህም። ለሰው መንገድ ተዘግቶበት ነው አልን። መንገዱስ አንዴ ሲዘጋ፣ አንዴ ሲከፈት ከርሟል፤ የተዘጋኸው አንተ ነህ። አብሮህ የሚሠራው ሰው «ቴዎፍሎስ የልጄን ዓይን ማየት አልችልም፣ አገሬ አልገባም ይላል» ብሎ ለይሥሐቅ ነግሮታል፤ ይሥሐቅም ለኔ ነገረኝ። አሁን የምለውን ስማኝ። አንተ የላክኸው ፍቅር ነው፤ የጎደለበትን አታውቅም ነበር። ጨው እንዳይገዛ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋተኛ የሚፈልግ ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው። አንተ ግን ጥፋቱን ለብቻህ ይዘህ ቆላ እንድትቀር ማን ፈቀደልህ? ርስት ነው እንዴ ለብቻህ የምትወርሰው?

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ይሥሐቅ መኪናውን ከበራችን በታች አቁሞ አፉ የተሰፋ ጆንያ አወረደ። «ልጅዎ ለአባቴ ስጥልኝ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሌላ ቃል አላከለበትም» አለኝ። አልከፈትኩትም። መጀመሪያ ትሕትናን አስጠራሁ። ቀጥሎ ጠጄን አስጠራሁ። እናትህ «ጠጄን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?» ብትለኝ፣ ጠጄ ካልመጣች ጆንያው አይፈታም አልኩ። መጣች። ጆንያው ሲፈታ ጨዉ በላስቲክ በላስቲክ ታሽጎ ተደርድሯል። ትሕትና አንዱን ቀድዳ ጠብታዋን ጣለችበት። ልጄ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ፤ ዝናብ ጠብቄአለሁ፣ ውርጭ ሲያልፍ ጠብቄአለሁ፤ ያችን ጠብታ እንደ ጠበቅኋት ግን የጠበቅኩት ሌላ ነገር አላስታውስም። ሰማያዊ ሆነ! የተልባ አበባ ሆነ! እልል ያለችው ማን መሰለችህ? ጠጄ ራሷ። «በሉ እንግዲህ፣ የጨው አባት ቤት ጨው ገባ!» አለች። ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ሁሉ ከዚያ ጨው አደልኩ። «የቴዎፍሎስ ጨው» ይሉታል። ስምህ በየድስቱ ላይ ይጠራል።

አንተ ቃል ሳትልክ ጨዉን ላክህ፤ እኔ ግን ቃሉን ከጨዉ ውስጥ ሰማሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። አባት ልጁን ሲያመሰግን በኛ አገር አይታወቅም፤ እኔ ግን ይኸው አመሰገንኩህ፤ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ቴዎፍሎስ፣ ይህችን መስመር አባባ አላሉም፤ እኔ ነኝ። አሁን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «ጭሱ ነው» አሉ። እሳት ግን አልነደደም።

እኔ ዝም ብያለሁ፣ አንቺ ምንድን ነው የምትጽፊው ብላት ነጥቦቹን እያስተካከልኩ ነው አለችኝ። ይሁን።

ፀጋ ታስቀናለች። ደግፈው ካስቀመጧት ቆይታለች፤ አሁን ደጋፊውን ትገፈትራለች። ከኋላዋ ሆኜ የበጉን ቃጭል ሳንቃጭል አንገቷን መልሳ በዓይኗ ትይዘኛለች። እናትህ ልጅቷን ስታቅፍ ንቅሳቷን በጣቷ እየተከተለች ትጫወታለች፤ እናትህም «ይህች የኔን አንገት አትወርስም» ትላለች። ይኸው አሁን የሰርኬን ብዕር ልትነጥቅ ተንጠራርታ ወረቀቱን ጫረችው። እዚህ ጋ ያለው ጭረት ፊርማዋ ነው፤ እንዳትሰርዘው።

የምንተስኖትን ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገርህ። ከሰው ይልቅ ከበግ ጋር የማወራ ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ። አሁን ከነጋ እስኪመሽ ለፍላፊ ሆኛለሁ። ይህ ገብስ ነው፤ ይህ የአባትህ ሞፈር ነው፤ ይህች ጠቦት ናት፤ ያ ደመና ነው እለዋለሁ። መንገደኛ ሲሰማኝ ሽማግሌው ለቀቀው ይላል። ይበል። ልጁ አሁን «እማ» ይላል፤ እህቱን «ፀጊ» ይላል፤ «በግ» ይላል። ማታ ግልገሎቹን ለእናቶቻቸው ስንለቅ የትኛው የማን እንደሆነ እኔ እሳሳታለሁ፤ እሱ አይሳሳትም። እያቀፈ ወስዶ ከእናቱ ጡት ሥር ያቆመዋል። ከእኩዮቹ እኩል ላይሆን ይችላል፤ ትሕትናም ይህን አልደበቀችንም፤ እኔም አልደብቅህም። ግን ቃል አነሰው እንጂ ልብ አላነሰውም። ዓይኑን ማየት አልችልም ትላለህ አሉኝ። ዓይኑ እኮ ያንተ ዓይን ነው። ለማንኛውም ሰው ክፉ ይዞ አያውቅም፤ ላንተ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ለቅዱስ ዮሐንስ እዚህ ድረስልኝ። ጨው ይዘህ ና፤ ባዶ እጅህንም ብትመጣ ና። እኔ እያረጀሁ ነው፤ ወሬዬም ያልቃል። ለዚህ ልጅ የነገሮችን ሁሉ ስም የሚነግረው አባት ያስፈልገዋል። ያንን ሥራ ጀምሬልሃለሁ፤ መጨረሱ ያንተ ነው።

ትሕትናን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጠቦት ብሰጣት ሕግ አይፈቅድልኝም አለችኝ፤ እኔም ሕግ አውጪ ነበርኩ፣ ሕግ ሲሻር አይቻለሁ አልኳት። ሳቀች እንጂ አልወሰደችም። ሰርካለምን ግን እኔ ራሴ መርቄአታለሁ። ማሕፀንሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይንጠፍ ብያታለሁ፤ አንተም ስትመጣ ድገመው።

እናትህ አማከለች ጉንጭህን ትስማለች፤ የእግርህን ቁስል ቅቤ ቀባው ብላሃለች። ምንተስኖት ሰላም ይልሃል፤ በቃሉ ባይሆን በእጁ። ፀጋ በጭረቷ ሰላም ብላሃለች። ጠጄ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ሳቄ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ደግሜ እስቃለሁ ብላለች። ሰርካለም ሰላምታዋን ራሷ ትጻፍ፤ ያን አልሰማም፣ ጆሮዬን ይዣለሁ።

እኔ ነኝ፤ ቶሎ ግባ።

አብረውህ ለሚሠሩት ልጆች ሁሉ፣ ሙቀቱን የሚያበርድ አምላክ ይጠብቃችሁ በልልኝ። እነሱም ወደየቤታቸው የሚልኩት ጨው ካለ የተረጨበትን ይላኩ፤ የመንዙ ሽማግሌ ብሏል በላቸው።

አባትህ ወልደ ጻድቅ
መንዝ፣ ከጓሳ ሥር፣ ኪዳነ ምሕረት ደብር
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

በይ ሰርኬ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ማንበብ ባልችልም መስማት እችላለሁ፤ ስለ አንቺ ያልኩትን ከዘለልሽ አውቅብሻለሁ፤ የጨመርሽውም ካለ እሰማዋለሁ። ድምፅሽን ደግሞ ከፍ አድርጊው፤ ምንተስኖት አጠገቤ ተቀምጧል። ስንጽፍ ስናስጽፍ ሳየው ነው የዋልኩት፤ ቴዎፍሎስ ባልኩ ቁጥር ወደ በሩ ይዞራል።